በሦስተኛው ዓመት ማን ይከፍላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጅሩ፣ እነዋሪ አጠገብ ነው። ሲቪል ምህንድስና አስተምራለሁ። ማስተርሴን የሠራሁት በጂኦቴክኒክ፣ በአፈር ምህንድስና ነው። ዘንድሮ ለፒኤችዲ አመልክቼ ሦስት ቦታ ተቀበሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን መምረጥ አቃተኝ።

አንደኛው አሜሪካ ያለ፣ ስሙን ሁሉም የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ፌሎሺፕ (የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ) ሰጥተውኛል፤ በወር 3,000 ዶላር፣ ለዘጠኝ ወር። አማካሪ ግን አልመደቡልኝም፤ “ከመጣሽ በኋላ ትመርጫለሽ” ነው ያሉኝ። ሁለተኛው ቴክሳስ ውስጥ ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ብዙም ስም የለውም። ፕሮፌሰሯ ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። የምትሠራው በሚያብጥ አፈር ላይ ነው፤ የእኛን መረሬ፣ ጥቁሩን የሸክላ አፈር በሚመስለው። በወር 2,500 ዶላር ለ12 ወር ትከፍለኛለች። በሳምንት ውስጥ መልስ ስጪኝ ብላኛለች። ሦስተኛው ጀርመን ነው። በኢ13 የደሞዝ ደረጃ የሙሉ ሰዓት ቅጥር፣ የሦስት ዓመት ውል። ርዕሱ የተዳፋትና የዋሻ ክትትል ነው፤ የላቡ (የቤተ ሙከራው) ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።

ባለቤቴ ነርስ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አለችን። እናቴም፣ ወንድሞቼም፣ ባልደረቦቼም “አሜሪካ ነው፣ ያውም ስም ያለው!” ይላሉ። የእኔ ልብ ግን አፈሩ ጋ ነው። እርስዎ ምን ይሉኛል?

የመረሬዋ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

የመረሬዋ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ከእነዋሪ ተነስቶ ሦስት ቦታ “ነይ” መባል ትልቅ ነገር ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ “የትኛው ይበልጣል?” ብሎ ነው። እኔ ሌላ ነው የምጠይቅሽ። ሦስተኛ ዓመትሽን አስቢው። ያን ጊዜ የሚከፍልሽ ማነው? የሚያማክርሽ ማነው? ማታ ስትገቢ ቤትሽ እንዴት ነው? ሦስቱንም ደብዳቤ በዚህ ዓይን እንደገና አንብቢያቸው።

አንደኛ ዓመት የትም ቢሆን ደህና ነው። ኮርስ አለ፣ የክፍል ጓደኛ አለ፣ አገሩም አዲስ ነው። ሁለተኛው ዓመት ገደማ ትልቁ ፈተና ይመጣል፤ እሱን ለማለፍ ሩጫ ነው። ሦስተኛው ላይ ኮርሱም ፈተናውም ያልቅና አንቺና ላቡ ብቻ ትቀራላችሁ። ሙከራው እምቢ የሚለው ያኔ ነው። ብዙ ግራንት (ለፕሮፌሰር የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ) ደግሞ ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ ስለሆነ ገንዘቡም የሚሳሳው ያኔ ነው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ሦስተኛ ዓመቴን እንደጀመርኩ አማካሪዬ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ክፋት አልነበረበትም፤ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ነው። ግራንቱ ግን አብሮት ሄደ። የአፈር ናሙናዎቼ ቀዝቃዛው ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ያልተረበሸ ናሙና ምን ያህል እንደሚያሳሳ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከጉድጓድ በቱቦ ይወጣል፣ ሁለቱ ጫፍ በሰም ይደፈናል፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ቀን ከሌት ይጠበቃል። ያንን ሁሉ መኪና ላይ ጭኜ፣ በየጉድጓዱ መንገድ እያንገጫገጭኩ አማካሪዬን ልከተል? ወይስ ያለ ገንዘብ ልቅር? ያዳነኝ የቅበላ ደብዳቤዬ ላይ የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። “ተማሪዋ በትምህርቷ አጥጋቢ ውጤት እስካሳየች ድረስ ትምህርት ክፍሉ ለአራት ዓመት ድጋፍ ይሰጣል” ይላል። ቃል የገባው ትምህርት ክፍሉ እንጂ ፕሮፌሰሩ አልነበረም። ሌላ ፕሮፌሰር ተቀበለኝ፣ የማስተማር ረዳት ሆኜ እየተከፈለኝ ጨረስኩ። ስለዚህ አንቺም ያን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ከሌለ “በጽሑፍ ይሰጠኝ” ብለሽ ጠይቂ። ይሄ ነውር አይደለም፤ እዚያ አገር የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎችሽ እንምጣ።

ከገንዘቡ ልጀምር። የመጀመሪያው በወር 3,000 ስላለ የሚበልጥ መስሎሻል። ዘጠኝ ወር ሲባዛ በ3,000፣ 27,000 ነው። ቴክሳሱ 12 ወር ሲባዛ በ2,500፣ 30,000 ነው። በቀረው ሦስት ወር፣ በእነሱ በጋ፣ ቤት ኪራይ አይቆምም፣ ልጅም መብላት አታቆምም። ደግሞ “ትምህርት ክፍያ ተሸፍኗል” ማለት ሁሉም ተሸፍኗል ማለት አይደለም። ለየሴሚስተሩ የሚከፈሉ ልዩ ልዩ ክፍያዎች አሉ፤ አንዳንድ ቦታ ከወር ክፍያሽ ብዙ ይቆርጣሉ። የጤና መድኅኑም ብዙ ጊዜ አንቺን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ባልና ልጅ ለመጨመር ከኪስ ነው፣ ዋጋውም ይጎመዝዛል። ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ይህችን ጥያቄ ላኪ፦ “ታክስ፣ ክፍያዎችና የሦስት ሰው መድኅን ከተቀነሱ በኋላ በወር እጄ ላይ የሚገባው ስንት ነው? በበጋስ?” የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ መልሱን ታውቀዋለች። የቤት ኪራዩን ደግሞ እዚያው ያሉ ሐበሾች ይነግሩሻል።

ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ነገር። ስም ጥቅም የለውም አልልም። መሣሪያው የተሟላ ነው፣ አብረውሽ የሚማሩት ጎበዞች ናቸው፣ ስትመለሺም በር ይከፍትልሻል። በምህንድስና ግን ሲቪሽን የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ከማን ጋር ሠራች?” ብሎ ነው። ትልልቅ ትምህርት ክፍሎች ተማሪን ያለ አማካሪ መቀበላቸው ልማድ ነው፤ ብቻውን አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ከአንድ ዓመት ፌሎሺፕ ጋር ሲገጥም ነው። ሁለተኛ ዓመትሽ ላይ አማካሪም ገንዘብም በአንድ ጊዜ ልትፈልጊ ነው። በጂኦቴክኒክ ዘንድሮ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉ፣ ገንዘብም ያላቸው ፕሮፌሰሮች እነማን እንደሆኑ ጠይቂ። ስም ጠርተው ከመለሱልሽ ጥሩ። “አትጨነቂ፣ ይስተካከላል” ብቻ ካሉሽ እኔ እተወዋለሁ።

ቴክሳስ። ፕሮፌሰሯ ወጣት መሆኗ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ወጣት ፕሮፌሰር ጊዜ ትሰጥሻለች። ላብ አብራሽ ትገባለች፣ ረቂቅሽን በሳምንት ውስጥ አርማ ትመልሳለች፤ ያንቺ ስኬት የእሷም ነውና። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ የፕሮፌሰር ቋሚ ቅጥር የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ዓመት ገደማ ነው። አሁን ሦስት ዓመቷ ከሆነ ውሳኔው የሚመጣው አንቺ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትሆኚ ነው። ያን ጊዜ ቋሚ ካልሆነች ትለቃለች። ይህ “አትሂጂ” የሚያሰኝ አይደለም። “ተባባሪ አማካሪ ማን ይሆነኛል? ግራንቱ እስከ መቼ ነው? ካለቀ ትምህርት ክፍሉ የማስተማር ረዳትነት ይሰጠኛል?” ብለሽ ጠይቂያት። ደህና ሰው ከሆነች አትቀየምሽም።

“በሳምንት ውስጥ” ማለቷ አያስጨንቅሽ። የአሜሪካ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለው። ለመጪው መስከረም የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ በፊት መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። የፈራሚዎቹ ዝርዝር በይፋ የሚገኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ካለበት በትህትና ጥቀሺላት። “ሥራሽን በጣም እፈልገዋለሁ፣ ቤተሰብ ስላለኝ እስከ ኤፕሪል 15 እንድትታገሺኝ እለምናለሁ” በቂ ነው። ጀርመኑ በዚህ አይገዛም። እሱ የሥራ ቅጥር ስለሆነ ቀኑን ከእነሱ ጋር ተነጋገሪ።

ጀርመን። እዚያ በብዛት የምህንድስና ዶክትሬት ተማሪ ተቀጣሪ ነው። ኢ13 የመንግሥት የደሞዝ ደረጃ ነው፤ ሠንጠረዡ ለሕዝብ ይፋ ስለሆነ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ዋናው ነገር መቶኛው ነው፤ በግማሽ ሰዓት የሚቀጥሩም አሉና። ያንቺ ሙሉ ስለሆነ ጥሩ ነው። የትምህርት ክፍያ የለም። በሕጋዊው የጤና መድኅን ደግሞ ገቢ የሌለው ባልና ልጅ ያለ ተጨማሪ መዋጮ አብረውሽ ይሸፈናሉ። ችግሩ ጊዜው ነው። የምህንድስና ዶክትሬት እዚያ ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓመት ያልፋል፤ ያንቺ ውል ግን ሦስት ነው። የኢንስቲትዩቱ የፕሮጀክት ሥራም ቀንሽን ሊበላው ይችላል፤ ለኩባንያ ሪፖርት ስትጽፊ የራስሽ ጥናት ያድራል። “ከእናንተ ዘንድ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች በስንት ዓመት ጨረሱ? ውሉ ካለቀ በኋላ ማን ከፈላቸው?” ብለሽ ጠይቂ። መልሳቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ባለቤትሽን አትርሺ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ነው የሰጠሽው፤ ለእኔ ግን ግማሹ ጉዳይ እሱ ነው። አሜሪካ በተማሪ ቪዛ ከሄድሽ የትዳር ጓደኛሽ ቪዛ ሥራ አይፈቅድም። አምስት ዓመት ነርስ ሆኖ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በልውውጥ ቪዛ ከሆነ የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ ነገር ግን ያ ቪዛ አንዳንዴ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ ያመጣል፤ አስቀድመሽ አጣሪ። ጀርመን በቤተሰብ መኖሪያ ፈቃድ የገባ የትዳር ጓደኛ መሥራት ይችላል። ነርስነቱ እንዲታወቅለት የትምህርት ማስረጃውን ማስገምገምና ጀርመንኛ መማር አለበት፤ በተለምዶ የሚጠየቀው ቢ2 የሚባለው ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ ነው። ቀላል አይደለም። ግን መንገድ አለው። አዲስ አበባ ጎቴ ኢንስቲትዩት ዛሬውኑ መጀመር ይችላል።

አሁን ስለ አፈሩ። ልብሽ እዚያ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የእኔም እዚያው ነው። ጅሩ ላይ በክረምት ውሃው ማሳ ላይ ሲተኛ፣ ሰዉ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ መደብና ቦይ ሲሠራ አይቻለሁ። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው መደቡ ላይ ይቆማል። ይህን የጅሩ ገበሬ ራሱ ነው ያወቀው። በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ኢልካ የሚባለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሠራ እነዋሪ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። ያው አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ እጅሽን እስከ ክርንሽ ያስገባል። ክረምት ሲመጣ ያብጥና አስፋልቱን ይሰብራል፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ይከፍላል። በዳላስና በሂዩስተን አካባቢም ቤት የሚሰነጥቀው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ለዚህ ነው ቴክሳስ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት።

ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ተዳፋትም የአገርሽ ጉዳይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ፣ ጣርማ በርን ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፈሽ ጉም ውስጥ ስትገቢ፣ ከግራና ቀኝ ያለው ገደል በሙሉ የጀርመኑ ርዕስሽ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ መሬቱ ተንዶ ስንቱ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ዛሬም ክረምት በገባ ቁጥር እዚያ አካባቢ ሰው ዝናብ ሲሰማ ቀና ይላል። ስለዚህ “አንዱ የአገሬ ርዕስ፣ ሌላው የባዕድ” አይደለም። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው። ደግሞ ከፒኤችዲ ይዘሽ የምትወጪው ርዕሱን ሳይሆን ዘዴውን ነው። በአፈር ውስጥ ያለ የውሃ ግፊት መለካት፣ መሬት በሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ መከታተል፣ ሞዴል መሥራት፣ ይህን ካወቅሽ መረሬውም ገደሉም እጅሽ ላይ ነው። የአፈሩን ፍቅር ለመምረጫ አትጠቀሚበት። ለመጽናኛ ያዢው።

ከመወሰንሽ በፊት ግን ከሁሉም በላይ አንድ ሥራ አለሽ። ከእያንዳንዱ ላብ ሦስት ሰው በስልክ አናግሪ፤ አሁን ያለ ተማሪ፣ የጨረሰ፣ እና ሳይጨርስ የወጣ። የወጣውን ማግኘት ይከብዳል፣ ግን ፈልጊው፤ የድሮ ጽሑፎቻቸው ላይ ስሙ ኖሮ ከላቡ ገጽ የጠፋ ሰው እሱ ነው። በኢሜይል አትጠይቂ፤ ሰው በጽሑፍ አማካሪውን አያማም። “ፕሮፌሰሩን በወር ስንቴ ታገኙታላችሁ? የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን መቼ አወጣችሁ? በበጋ ማን ከፈለ? ልጅ ያላት ተማሪ ኖራ ታውቃለች?” ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝም ካሉ ዝምታውንም ስሚው። ሐበሻ ተማሪ ካለ እሱን ብቻ አትመኚ፤ ይሉኝታ ይዞት “ጥሩ ነው፣ ነይ” ሊልሽ ይችላል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ እኔ ብሆን ጀርመንን እመርጣለሁ፤ የጨረሱት ሰዎች በስንት ዓመት እንደጨረሱና ውሉ እንደሚታደስ ከነገሩሽ። ምክንያቴ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ዓመት ቤትሽ ውስጥ ሥራ ያላቸው ሁለት ሰዎች እንዲኖሩ እፈልጋለሁ። ውሉ አይታደስም ካሉ ወይም መልሱን ካድበሰበሱት ቴክሳስ፤ ትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ዋስትና ከሰጠ። ስም ያለውን ከሚያዝያ 7 በፊት የአማካሪ ስምና የሁለተኛ ዓመት ገንዘብ በወረቀት ካላመጣ እተወዋለሁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። “አሜሪካ” ሲሉ ልጃቸው እንድታልፍላት ነው። “እማዬ፣ አሜሪካ ባሌ አይሠራም፤ ጀርመን ግን ይሠራል” ብትያቸው ይገባቸዋል።

አንድ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቀርቷል። የትምህርት ፈቃድ ውል ከመፈረምሽ በፊት ዓመቱን አስተያዪ። ፕሮግራሙ አምስት ዓመት ሆኖ ፈቃድሽ ለአራት ከሆነ አምስተኛው ዓመት ላይ ዋስሽ ነው የሚጠራው። ተመልሶ የማገልገል ግዴታውን፣ ለቤተሰብ የሚቀረውን ደሞዝ፣ ማራዘሚያ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ሁሉንም አንብቢ። ዋስ የሆነልሽንም ሰው አስነብቢው።

ጥያቄ፦

አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለፒኤችዲ ተቀብሎኛል፤ ገንዘብ ግን አልሰጠኝም። ሄጄ እዚያው ልፈልግ? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦

አትሂድ፣ ወንድሜ። በምህንድስና ፒኤችዲ ላይ ገንዘብ መስጠት እዚያ የተለመደ ነው፤ ያልሰጡህ ሌላ ሰው ስላስቀደሙ ነው። ለቪዛ ወረቀቱ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈን እንደምትችል ማሳየት አለብህ፤ በዚያ ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት ደግሞ አይፈቀድም። ዘመድ መሬት ሽጦ እንዲልክህ አትፍቀድ። ለትምህርት ክፍሉ “ረዳትነት ቢለቀቅ ተጠባባቂ አድርጉኝ” ብለህ ጻፍ። ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ለፕሮፌሰሮች ቀድመህ፣ የእያንዳንዱን ሥራ አንብበህ ጻፍ።

ጥያቄ፦

ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ፣ አንዱን መረጥኩ። ለሌላው ፕሮፌሰር ምን ብዬ እንደምጽፍ አፍሬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ብዙ ደክሞልኝ ነበር። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦

ዛሬውኑ ጻፊለት። ያንቺን ገንዘብ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ተጠባባቂ መዝገብ ላይ አለ፤ ምናልባትም ከእኛው አገር። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፣ ሰበብም አትደርድሪ። የሄድሽበትን ብትነግሪው ደስ ይለዋል፤ በዚህ ሙያ ስብሰባ ላይ መልሳችሁ ትገናኛላችሁ። በእንግሊዝኛ ስትጽፊው ፍሬ ነገሩ ይህ ይሁን፦ “ስላደረጉልኝ ነገር ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ለቤተሰቤ የሚመቸውን ሌላ ቦታ መርጫለሁ። ለመልሴ መዘግየት ይቅርታ፤ ቦታው ለሌላ ተማሪ እንዲሰጥ ዛሬ ለትምህርት ክፍሉም አሳውቃለሁ። ሥራዎን መከታተሌን እቀጥላለሁ።” ከዚያ ለትምህርት ክፍሉም በዚያው ቀን አሳውቂ።